«ኮምፒውተሩ ነው» የተባለው ኮሮላ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያስቸገረው ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ፍርድ መስማቱ አይቀርም፦ «ኮምፒውተሩ ነው»። ካንዴላ ተቀይሮ፣ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮ፣ ሪሌ ተለዋውጦ መኪናው አልሻል ሲል የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ይግባኝም የለውም። ባለመኪናው በማያውቀው ነገር መከራከር ያፍራል፤ መካኒኩም ከዚያ ወዲያ አይፈልግም። የሚቀረው ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ቁጥሩ የሚመሳሰል ሳጥን ማፈላለግ ነው።

ቂርቆስ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ያገኘሁት ነጭ ኮሮላ ይህ ፍርድ ተፈርዶበት የመጣ ነው። የ2006 ሥሪት፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ የፊት መብራቶቹ ፀሐይ በልቷቸው ቢጫ የሆኑ። ባለቤቱ ራይድ የሚሠራ ወጣት ነው። መኪናው ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል፤ ሞቅ ካለ በኋላ ግን መንገድ መሀል ድርግም ይላል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ገፍተው ዳር አውጥተውት ትንሽ ሲያርፍ ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ቀደም ሲል የወሰደበት ጋራዥ የመመርመሪያ ማሽን ሰክቶ፣ ማሽኑ «አይገናኝም» ሲል፣ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎ ደመደመ። ልጁም ለአንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ቀብድ ከፍሏል። ወደዚህ ግቢ የመጣው የሚገጥምለት ሰው ፈልጎ እንጂ ሊያስመረምር አልነበረም።

የግቢው ኤሌክትሪሻን ቁመናው ቀጠን ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚውል ጎልማሳ ነው። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ጠየቀ።

«ሲጠፋብህ ቁልፉን መልሰህ ስትከፍት ቼክ መብራቷ ትበራለች?»

«ኧረ ጋሼ፣ በዚያ ጭንቅ ሰዓት መብራት ማን ያያል?»

«እሷን ነበር ማየት የነበረብህ። ሌላው ሁሉ ከሷ በኋላ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ሥዕል ያላት ያቺ ቢጫ መብራት በዚህ ኮሮላ ላይ ፖዘቲቩን ቁልፉ ሲከፈት ታገኛለች፤ ኔጋቲቩን የሚሰጣት ግን ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት መብራቷ መብራት አለባት። ከበራች ኮምፒውተሩ ነቅቷል ማለት ነው። ካልበራች፣ አምፖሏ ካልተቃጠለች በቀር፣ ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ላይ ነው። የተኛ ኮምፒውተር ደግሞ ለመመርመሪያ ማሽን አይመልስም፤ ፓምፑን አያስነሳም፤ ካንዴላውንም እሳት አያሲዝም። ነገር ግን መተኛትና መሞት ለየቅል ናቸው። ምግቡ የተቋረጠበት ኮምፒውተርና የተቃጠለ ኮምፒውተር ከውጭ ሲታዩ አይለያዩም። የመጀመሪያው ጋራዥ የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አይገናኝም» የሚለውን መልስ እንደ ምርመራ ውጤት ወሰደው፣ ገና የጥያቄው መጀመሪያ ሆኖ ሳለ።

ይህች ሳጥን መኪና ውስጥ የገባችው ቀስ በቀስ ነው። ቦሽ ነዳጅን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨውን ዲ ጄትሮኒክ በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልስዋገን ላይ አዋለ፤ ነዳጁንና የካንዴላውን እሳት አንድ ላይ የሚመራው ሞትሮኒክ ደግሞ በ1979 በቢኤምደብሊው 732አይ መጣ። ይህን ለውጥ የገፋው የአየር ብክለት ሕግ ነው። አሜሪካ ከ1996 ሥሪት ጀምሮ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ባለ 16 ፒን የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው አስገደደች፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። የእኛ ሰፈር መካኒክ በካርቡሬተር ዘመን የዲኤክስ ኮሮላን ሕመም በጆሮው እየሰማ፣ በካቻቢቴ እያስተካከለ ነበር የሚሠራው። አሁንም ጆሮው ይጠቅመዋል፤ ብቻውን ግን አይበቃውም።

በዚህ ኮሮላ ላይ ኮምፒውተሩ ያለው ጋቢና ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው የዳሽቦርድ ሳጥን በስተጀርባ ነው። ኤሌክትሪሻኑ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፤ ከዚያ ምንም ሳይነካ ቆመ። እዚያው አካባቢ የተሳፋሪው ኤርባግ ስላለ ቶዮታ ራሱ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዝዛል፤ የኤርባጉ ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ እስኪፈስ። ረዳቱ እጁን ወደ አንድ ቢጫ ሶኬት ሲሰድ «ቢጫ አትንካ!» አለው ቆጣ ብሎ። ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ ማልቲሜትር እንኳ አይሰካበትም፤ የመለኪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል።

የዳሽቦርዱ ሳጥን ሲወጣ ከብዙ ሽቦ መሀል አንድ ብርማ የብረት ሳጥን ብቅ አለ፤ መጠኑ ከመካከለኛ መጽሐፍ አይበልጥም። ሶኬቶቹን አልነቀላቸውም። ሞባይሉ ላይ የሽቦውን ካርታ ከፍቶ፣ የእያንዳንዱን ፒን ቦታ ቆጥሮ፣ ከልብስ ሰፊ የሚገዛቸውን ቀጫጭን እስፒሎች ከሶኬቱ ጀርባ፣ ሽቦው በሚገባበት ቀዳዳ በኩል፣ አንድ በአንድ አሾለካቸው። ከፊት በኩል መውጋት ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ያ የሴቴውን ፒን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ፒን ደግሞ ዛሬ ነክቶ ነገ ይለቃል። የሽቦውን ፕላስቲክ በስቶ መለካትም የተለመደ ነው፤ በዚያች ቀዳዳ ክረምት ሲመጣ እርጥበት ይገባና መዳቡን አረንጓዴ ዱቄት ያደርገዋል። ስንት መኪና በበሽታው ሳይሆን በምርመራው እንደሚታመም ይህን ሥራ ያየ ያውቀዋል።

ባትሪውን መልሶ አሰረ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጁ ግራ ገባው። «ምንድን ነው የምንጠብቀው ጋሼ?» «እንዲጠፋ ነዋ!» በደህና ሰዓት የታየ መኪና ምንም አይናገርም፤ ጥፋቱ ሲመጣ መለኪያው ቀድሞ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። በዚህ ሥራ ትልቁ ችሎታ ትዕግሥት ይመስለኛል፤ ሰዎች የሚከፍሉለት ግን ለእሱ አይደለም።

የራዲያተሩ ማራገቢያ ሁለተኛ ጊዜ ተነስቶ እንዳቆመ ሞተሩ ድርግም አለ። ቁልፉን ዘግቶ ከፈተ። የዘይቱ በራች፣ የባትሪው በራች፤ ቼኳ ጨለማ ናት። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ ኤሌክትሪሻኑ ደስ አለው።

የማልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አሰረ። ይህች ትንሽ ነገር ለውጥ ታመጣለች፤ ብዙ ሰው ጥቁሩን ጫፍ ያገኘው ላሜራ ላይ ይለጥፍና የላሜራውን ጥፋት ከሽቦው ጥፋት መለየት ያቅተዋል። ቀዩን ጫፍ ሁልጊዜ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣው ፒን ላይ አደረገ፦ 12.4 ቮልት። በዋናው ሪሌ በኩል አልፎ ቁልፉ ሲከፈት የሚመጣው፣ ካርታው ላይ «ፕላስ ቢ» የተባለው ፒን ላይ፦ 12.2። ምግቡ ደርሷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «ፖዘቲቭ አለው፣ አይሠራም፣ ስለዚህ ሞቷል»። እሱ ግን ቀዩን ጫፍ ወደ ቡናማው ሽቦ፣ «ኢ1» ወደሚባለው የኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ አዛወረ።

ከኔጋቲቭ እስከ ኔጋቲቭ ሲለካ ሊገኝ የሚገባው ዜሮ ነው፤ ቢበዛ ከ0.1 ቮልት በታች። መለኪያው 11 ቮልት ከምናምን ጻፈ።

«ያውልህ» አለ ልጁን፤ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ።

ያየነው ይህን ነው፤ ኤሌክትሪኩ በአንዱ በር ወደ ኮምፒውተሩ ገብቷል፤ በሌላው በር መውጣት ግን አልቻለም። መውጫ ያጣ ኤሌክትሪክ ሥራ አይሠራም፤ እስከ ኔጋቲቩ ፒን ድረስ ደርሶ ቆሟል። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ መሬት አጥቷል።

እዚህ ላይ ከመኪናው ልውጣና አንድ ነገር ላስረዳ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ ልብ እሱ ነውና። ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ሁሉ የሚያውቀው በቮልት ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲቀዘቅዝ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ በቶዮታ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ገደማ የነበረው በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ይወርዳል። የነዳጅ መርገጫውን የሚከታተለው ሴንሰር ከ5 ቮልት ላይ ድርሻውን ቆርሶ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁሉ የሚለካው ከራሱ ኔጋቲቭ ተነስቶ ነው። ኔጋቲቩ ራሱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ የተንጋደደ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ሚዛን፣ ልኬቱ ሁሉ አብሮት ይንጋደዳል፤ እሱ ግን አያውቅም። የሴንሰሮቹ ኔጋቲቭ ተመልሶ የሚገባው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ አብረው ይዋዥቃሉ፤ ልዩነቱም አይታይም። ለዚህ ነው የኔጋቲቭ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የጥፋት ኮድ የማያስመዘግበው። ማሽኑ ላይ ኮድ አለመኖሩን እንደ ጤንነት ማስረጃ የሚቆጥር ሰው ብዙ ይለፋል።

ቡናማው ሽቦ ከዳሽቦርዱ ወጥቶ፣ ግድግዳውን በጎማው ቀዳዳ አልፎ፣ ሞተሩ ላይ በአንድ ብሎን ይታሰራል። ኤሌክትሪሻኑ በባትሪ መብራት ተከትሎት ወረደና ድንገት ጠየቀ፦ «ይሄ ሞተር ወርዶ ያውቃል?»

ያውቃል። ይህ የሞተር ዓይነት ዘይት በመብላት የታወቀ ነው፤ የልጁም በዚያው ጠባይ ወርዶ ሪንግ ተቀይሮለታል። ሠሪው ሲጨርስ እንዲያምር ብሎ ሞተሩን ብርማ ቀለም ቀብቶታል፤ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ጭምር። የሽቦው ቀለበት ከሞተሩ ብረት ጋር ሳይሆን ከቀለሙ ጋር ነው የታሰረው፤ የሚያገናኘው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር፣ እሱም በደንብ አልጠበቀም። ሲቀዘቅዝ እንደ ምንም ይነካል፤ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ይለቃል።

እዚህ ላይ ነው ረዳቱ መልካም ጥያቄ የጠየቀው። ባለፈው ጋራዥ ይህን ሽቦ በኦም ለክተውት «ይገናኛል» ብለው ነበር። እንዴት?

መልሱን ኤሌክትሪሻኑ በማሳየት ነው የሰጠው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ከተነሳ በኋላ፣ በዚያው በላላ ብሎን፣ የኔጋቲቩን ፒን ለካ፦ 1.5 ቮልት። መኪናው እየሠራ ነው፣ ግን 1.5 ቮልት እዚያች ብሎን ላይ እየቀረ ነው። ኢንጀክተሮቹ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ ማሞቂያና ሌላው በኮምፒውተሩ በኩል ወደ ኔጋቲቭ የሚያፈሱት 3 አምፔር ገደማ ቢሆን፣ ብሎኑ ላይ ያለው መቋቋም ግማሽ ኦም ነው ማለት ነው። ግማሽ ኦምን ደግሞ የገበያ ማልቲሜትር ከራሱ ገመድ መቋቋም ለይቶ አያሳይም፤ ጥሩ ነው ይላል፣ ጲጵ ይላል። በኦም ሲለካ መለኪያው በሽቦው ውስጥ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የማይገባ ነው። ከሃያ ክር አሥራ ዘጠኙ የተበጠሰ ሽቦ በቀረችው አንድ ክር ያንን ትንሽ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ፈተናውን ያልፋል። ሥራ ሲሰጠው ግን ይወድቃል። ሽቦን መፈተን የሚገባው ሸክም ተሸክሞ ሳለ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የቀረውን ቮልት በመለካት።

ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አለችው፦ ሁለት ሽቦ በሌድ የተበየደባት ያረጀች ባለ 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ከተነቀለ በኋላ የምግብ ሽቦውንና የኔጋቲቭ ሽቦውን ሶኬት በእሷ ያገናኛል። ከ4 አምፔር በላይ ትስባለች። ፏ ብላ ከበራች ሽቦዎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ከደበዘዘች ከሁለቱ አንዱ ውስጥ የሚያንቅ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሳለ ወይም የሴንሰር ሽቦ ላይ ግን ይህን የሚሞክር ሰው፣ ያልተቃጠለውን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊያቃጥል ይችላል። ቀጫጭኖቹ የሴንሰር ሽቦዎች በማልቲሜትር ብቻ ነው የሚነኩት።

ስለ 5 ቮልቱም አንድ ነገር ልበል፤ የብዙ ኮምፒውተር ስም የሚጠፋበት ሌላው ሰበብ ነውና። በብዙ መኪኖች ሴንሰሮች አንድ የ5 ቮልት መስመር ይጋራሉ። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ተበላሽቶ መስመሩን ከኔጋቲቭ ጋር ካገናኘው የሁሉም 5 ቮልት አብሮ ይወድቃል፤ ማሽኑ ላይ የማይገናኙ የሚመስሉ ኮዶች በአንድ ጊዜ ይዘረገፋሉ። ያን የኮድ ጋጋታ ያየ ሰው ኮምፒውተሩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መለኪያውን መስመሩ ላይ አስቀምጦ ሴንሰሮቹን በየተራ መንቀል። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ኮምፒውተሮቻቸው የሚነጋገሩበት ካን የሚባል የሁለት ሽቦ መስመርም አላቸው፤ ባትሪው ተፈትቶ ከመመርመሪያው ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ሲለካ ብዙውን ጊዜ 60 ኦም ገደማ ይገኛል። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

የከተማችን ሽቦዎች ጠላታቸው ብዙ ነው። ላቫጆ ላይ ኮፈን ተከፍቶ ሶኬት ላይ በኃይል የሚረጨው ውሃ አንዱ ነው። ክረምት የሞተር ሙቀት ፍለጋ የምትገባ አይጥ ሁለተኛዋ። የእኔ ምርጫ ግን አላርም ገጣሚው ነው፤ የቁልፉን መስመር ቆርጦ፣ ሁለት ሽቦ በእጁ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ዳሽቦርድ ስር ይሰውረዋል። ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፤ ጥምዙ ይላላል፤ መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ድርግም ይላል። አላርም የገጠመው ሰው ያኔ የለም። ኮምፒውተሩ ግን አለ።

ይህን ስል ኮምፒውተር አይሞትም ማለቴ አይደለም። ባትሪ ተገላብጦ ሲታሰር፣ ባትሪ ሳይፈታ ላሜራ ሲበየድ፣ ውሃ ሲገባበት ይሞታል። አንዳንዴም ከፋብሪካ በሽታውን ይዞ ይወጣል፦ ቶዮታ በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ የተሸጡ የ2005 እስከ 2008 ሥሪት 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ኮምፒውተር ምክንያት ነው፤ ውስጡ ባሉ የብየዳ ነጥቦች ወይም መከላከያ ክፍሎች ላይ ስንጥቅ ይፈጠርና ሞተሩ አልነሳም ሊል ወይም እየሄደ ሊጠፋ ይችል ነበር። ምልክቱ ከዚህ ልጅ መኪና ምልክት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይሏል። መኪናው ከዚያ አህጉር የመጣ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ባልከፋ፤ ፈተናው ግን ያው ነው፤ ምግቡና መሬቱ ሳይለካ ፍርድ የለም። ያገለገለ ኮምፒውተር ቢገዛ እንኳ ነገሩ አያልቅም። ቁልፉ ላይ የሌባ መከላከያ ቺፕ ካለ አዲሱ ሳጥን ቁልፉን አላውቅህም ይላል፤ በብዙ ቶዮታዎች የመመርመሪያው ሶኬት 13ኛና 4ኛ ፒን ተገናኝተው ቁልፉ 30 ደቂቃ ተከፍቶ ካልቆየ አይተዋወቁም።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለው ኮሮላ፣ ያለው ቪትዝ እየተጠገነ ይኖራል፤ ሞተራቸው በመለዋወጫ ይታደሳል፣ የሽቦ ጥቅላቸውን ግን አዲስ የሚቀይር ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ግቢ ጥግ ላይ አንድ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ነበር፤ እሱም ውስጡ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሪሌና የኔጋቲቭ ብሎኖች አሉት። ኤሌክትሪሻኑ ብርቱካናማዎቹን ከፍተኛ ቮልት ያላቸውን ኬብሎች እስኪሠለጥን ድረስ እንደማይነካ ነገረኝ። የቀረው፣ አለ፣ የማውቀው ነው።

የኮሮላው ሥራ ራሱ አጭር ነበር። በ10 ቁጥር ቁልፍ ብሎኑን ፈታ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፋቀው፣ ቀለበቱንም አጸዳ፣ አጥብቆ አሰረና ላዩን ቅባት ቀባው። አንድ ወፍራም ሽቦ ጨምሮ ከሞተሩ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ዘረጋ። ሞተሩ ተነሳ፤ መለኪያው 0.02 ቮልት። ማራገቢያው ተነስቶ አቆመ፣ ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ አቆመ። ሞተሩ አልጠፋም።

ልጁ ወደ ሶማሌ ተራ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ቀብድ አይመለስም። ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። በመጨረሻ ሻጩ በቀብዱ ሌላ ዕቃ ሊሰጠው ተስማማ፤ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ልጁ ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ የመኪናውን ፊት አየ።

«የፊት መብራት አለህ? የዚሁ የኮሮላ፣ የሁለቱም ጎን?»